ከአንገት በላይ ሕክምና

ርዕሱን አይታችሁ ስለ ጆሮና ጉሮሮ ሐኪም ላወራ እንዳይመስላችሁ። የማወራው የአእምሮ ሕመምተኛውን ጭንቅላቱን ብቻ አይቶ፣ ከአንገቱ በታች ያለውን ረስቶ ስለሚሸኘው ሕክምና ነው።

ነገሩን ከአረርቲ ልጀምር። የምንጃር ሸንኮራን ምድር ያልረገጠ ሰው እንኳ ነጭ ጤፉን በልቷል፣ የሸንኮራ ዮሐንስን ጸበል በስም ያውቃል። ወደዚያ ጸበል ሆዱን የሚያመውም፣ ቁስል የያዘውም፣ መንፈሱ የታወከውም ይሄዳል። «አንተ የጭንቅላት ነህ፣ አንቺ የሆድ ነሽ» ብሎ የሚለያቸው የለም። የአገሬ ሰው ሲመርቅም የሥጋና የነፍስ ፈውስን አንድ ላይ ነው የሚጠራው።

ሁለቱን የለየናቸው በኋላ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ውለታውን መካድ ነውር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሠለጠኑት እዚያው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልማድ ሥር ሰደደ፦ «እሱን አማኑኤል ውሰዱት» የሚል። ታዲያ ሳሉንስ ማን ያዳምጥለት? የደም ግፊቱንስ ማን ይለካለት?

የልማዱን ዋጋ የነገረችን ቡታጅራ ናት። በቡታጅራና አካባቢዋ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት 121ዱ ሞተዋል። የሞቱትም ሊኖሩ ከሚገባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። አብዛኞቻችን «ራሳቸውን አጥፍተው ይሆናል» እንላለን። ያም አለ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ጎረቤት ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚታከመው ዓይነት በሽታ ማለት ነው! «እብድ» የተባለ ሰው ደረቴን አመመኝ ሲል ማን ያምነዋል?

እዚያው ቡታጅራ ሌላም ነገር ተሰምቷል። ሕመምተኞች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ ከምክንያቶቹ አንዱ ረሃብ ሆኖ ተገኘ። ኪኒኑ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን እህል የለም። ለባለጸጋው ደግሞ ያው ኪኒን ውፍረትና ስኳር ሊያመጣበት ይችላል። ሁለቱም ዘንድ ጉዳዩ ከአንገት በታች ነው።

ደግነቱ መንገዱ ተጀምሯል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አለመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ግን የኪኒኑ ካርድ ጤና ጣቢያ መግባቱ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ሚዛኑም፣ የግፊት መለኪያውም፣ የአክታ ምርመራውም ለዚያው ሰው ካልደረሰ፣ ግድግዳውን አፈረስን ብለን መጋረጃ ሰቀልን ማለት ነው።

ጸበልተኛውም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በእንጦጦ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለአእምሮ ሕመምተኛውም ይሠራል። በባዶ ሆዱ የሚጠመቅ፣ እግሩ በሰንሰለት የቆሰለ ሰው ጸሎቱ ሳይቋረጥ ቁስሉ ሊታጠብለት፣ ሳሉም ሊመረመርለት ይችላል።

አረርቲ ዛሬ ሆስፒታል አላት፤ ጸበሉም አለ። ከአንገት በላይ የሆነ ፍቅር ፍቅር አይባልም፤ ሕክምናውም እንደዚያው ነው። እንግዲህ ቀጣዩን ሕመምተኛ ስናገኘው «ድምፅ ይሰማሃል ወይ?» ካልነው በኋላ «ታስላለህ ወይ? ዛሬስ ምን በላህ?» ብንለው ምን ይከፋል?