ደረሰኝ የሚለው ማን ነው?

ለፋሲካ ሰሞን ሽሮ ሜዳ ወርጄ ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ። ዋጋውን በስልኬ አስተላለፍኩና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ለባለሱቋ ዘረጋሁላቸው። «እናቴ፣ ደረሰኙ ይኸውልዎት።» መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ስልክ ጎርጎር አደረጉና «ልጄ፣ እኔን እኮ አልደረሰኝም» አሉ። ነጠላው ተጣጥፎ ባንኮኒው ላይ፣ በመካከላችን ተቀምጧል። እኔ «ደረሰኝ» ይዣለሁ፣ እሳቸው «አልደረሰኝም» ይላሉ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም።

ቃሉን ፈታ አድርጎ ለሚያየው ግን ትክክለኛው አማርኛ የእሳቸው ነበር። «ደረሰኝ» ስም ከመሆኑ በፊት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ደረሰ» ባለቤቱን በሆዱ የያዘ ግሥ ነው፤ መጨረሻው ላይ የተለጠፈችው «ኝ» ደግሞ «እኔን» ማለት ናት። ገንዘቡ እኔ ዘንድ መጣ ማለት ነው። አማርኛ ከሰው አፍ የወጣን ንግግር እንዳለ አንሥቶ ስም ማድረግ ያውቅበታል። «አለኝ» ከሚለው «አለኝታ» ወጥቷል። «ይለፍ» የሚለው ፈቃድ በኬላ የሚያሳልፍ ወረቀት ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የባንክ ሒሳባችንን የምንከፍተው በ«ይለፍ ቃል» ነው።

በ«ደረሰኝ» ውስጥ ያለው «እኔ» እንግዲህ ተቀባዩ ነው። ነጋዴው ከካርቦን ጥራዙ ላይ ቀድዶ፣ ማኅተሙን አሳርፎ የሚሰጠን ወረቀት የእሱ የእምነት ቃል ነው። ከፋዩ ኪሱ የሚከተው የሌላ ሰው ቃል ነው፤ ክብደቱም ከዚሁ ይመጣል። ነጋዴው ነገ «አልተቀበልኩም» ብሎ ቢከራከር በገዛ ቃሉ ይረታል።

ግሡ ከገንዘብ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። «ዕቁብ ደረሰኝ» እንላለን። ከውርስም ሆነ ከትርፍ ለየአንዳንዱ የሚደርሰው «ድርሻ» ይባላል፤ «ሰ» ለስልሶ «ሸ» ሆነ። የጥንቱ ደብዳቤ ደግሞ «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል። ይህን መክፈቻ በጣም እወደዋለሁ፤ ላኪው ከምኞት ያለፈ ሥልጣን እንደሌለው ያውቃልና። «ይድረስ» የላኪ፣ «ደረሰኝ» የተቀባይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ወንዝ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ የሚታመን ወይም የማይታመን መልእክተኛ አለ።

ሕግ የሚጨነቀውም ስለዚሁ መንገድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1692 ተራርቀው የሚዋዋሉ ሰዎች ውላቸው እንደተደረገ የሚቆጠረው የእሺታው መልስ በተላከበት ጊዜና ቦታ ነው ይላል፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ የተደወለለት ሰው ባለበት ቦታ። ውል በ«ላክሁ» ይቋጠራል ማለት ነው። ክፍያ ግን በመሠረቱ ለባለገንዘቡ ወይም ለወኪሉ ካልተፈጸመ ዕዳ አያወርድም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል ሕግ የ«ላክሁ»ንና የ«ደረሰኝ»ን ወሰን ለመለየት ደክሟል። ተቀባዩ መልእክት የሚቀበልበትን ሥርዓት መርጦ ካሳወቀ፣ መልእክቱ ደረሰ የሚባለው እዚያ በገባ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ተኝቶም ቢሆን። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ካረጋገጠ መልእክቱ እንደ ደረሰ ይገመታል፤ የደረሰው ግን የተላከው ራሱ ስለመሆኑ ግምት አይወሰድም። በእኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል።

በእኔ ስልክ ላይ የነበረው ጽሑፍ ግን የማን ቃል ነው? የባለሱቋ አይደለም፤ የፋይናንስ ተቋሙ ነው። ገንዘቡን ተሸክሞ የሄደው እሱ፣ «አድርሻለሁ» ብሎ የሚመሰክረውም እሱ፤ ክርክር ሲነሣ ከመዝገቡ ላይ ማስረጃ የሚቀርበውም ከእሱ ዘንድ ነው። መልእክተኛውና ምስክሩ አንድ ሆኑ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የከፋዩን ጽሑፍ «ደረሰኝ» ብሎ መጥራት ግን የተቀባዩን አንደበት ከአፉ መንጠቅ ነው። ስክሪንሾት ቀጣጥለው ሱቅ የሚያጭበረብሩ ሰዎች የሚነግዱት በዚችው በተነጠቀች «ኝ» ነው። ስለዚህ ተቋማት ለከፋዩ የሚልኩትን «የመላኪያ ማስረጃ» ቢሉት፣ «ደረሰኝ» የሚለውን ደግሞ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ ለገባለት ሰው ቢያቆዩለት ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ።

ባለሱቋ በርጩማ ሰጡኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልካቸው ጮኸ። ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ደረሰኝ» አሉ፤ ነጠላውንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።