የአንድ ወገን ጽሑፍና የአንባቢ ዳኝነት

በቀድሞው የሀገራችን ችሎት ተሟጋች የሚናገረው ለራሱ ወገን ብቻ ነበር። በበላ ልበልሃ ከሳሽ ሲሞግት ተከሳሽ በተራው ይመልሳል፤ ዳኛውም የሁለቱን ቃል ሰምቶ ይፈርዳል። አንዱን ወገን ደግፎ የሚከራከር ጽሑፍ ግን ለአንባቢ የሚደርሰው ባላጋራው በሌለበት ነው። ስለሆነም መጠየቅም መፍረድም የአንባቢው ፈንታ ይሆናል። ለዚህ ከራሳችን የጽሑፍ ታሪክ በቂ ምሳሌ አለን።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉት መጽሐፍ በ1901 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ። አማርኛው ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ምኒልክን እጅግ ያወድሳል፣ ዐፄ ዮሐንስን ያሳንሳል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ደግሞ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አሥመራ ላይ ታተመ። ገብረ ሕይወት የአፈወርቅን አድልዎ ነቀፉ። ለታሪክ ጸሐፊም ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው አስረዱ፤ ይኸውም የሆነውን አስተውሎ መመልከት፣ ሳያደሉ መፍረድ፣ ያዩትንና የፈረዱትን አጥርቶ መግለጽ ነው።

ይሁን እንጂ ገብረ ሕይወትም ተሟጋች ናቸው። የመንግሥት አሠራር እንዲታደስ፣ ግብር በደንብ እንዲወሰን፣ ትምህርት እንዲስፋፋ አንባቢን ለማሳመን ጽፈዋል። እንግዲህ ያቆሙት ሚዛን እርሳቸውንም ሊመዝን ይገባል። አንድ ጽሑፍ ወገን ስለያዘ ብቻ ሐሰት አይሆንም፤ ሌላውን ስለነቀፈም ብቻ እውነት አይሆንም።

በዓለም ከተማ ለሚያስተምር መምህር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ምኒልክ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ መርሐ ቤቴም በግዛታቸው ነበረ። በዚህ አገር ያደገ ተማሪ የአፈወርቅን ውዳሴ ያለ ጥያቄ ሊቀበል ይችላል። ገብረ ሕይወት በተወለዱበት በአድዋ አካባቢ ያደገውም በበኩሉ ነቀፋውን ያለ ምርመራ ሊያጸድቅ ይችላል። ከጸሐፊው አድልዎ ይልቅ ለማስተዋል የሚያስቸግረው የአንባቢው የራሱ አድልዎ ነው።

ስለዚህ ተማሪው በቅድሚያ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጸሐፊው ምን እንድቀበል ይፈልጋል? ማስረጃው የቱ ነው፣ ውዳሴው ወይም ነቀፋውስ የቱ? ሳይነሣ የታለፈው ምንድን ነው? ቀጥሎም የማይደግፈውን ወገን ሙግት፣ ባለቤቱ ቢያነበው «ቃሌ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክሎ ይጻፍ። ፍርዱን የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። የፈተና አዘጋጆችም «ትስማማለህን?» ብለው ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ይህን ችሎታ ቢመዝኑ፣ ትምህርት ቤት ደጋፊን ሳይሆን ዳኛን ያፈራል።