ከሯጩ በስተኋላ የቆመው ሰው

ልጆቼ፥ ሰው ፍሬውን በልቶ ዛፉን ያመሰግናል፤ ውኃ ያጠጣውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። የአሠልጣኙን የኦኒ ኒስካነንን ስም ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ኒስካነን በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ወደ አገራችን መጥቶ ካዴቶችን ስፖርት አስተማረ። አበበ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከመንዝ ብዙ በማይርቀው በደብረ ብርሃን አካባቢ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወልዶ በኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በኛ አገር የደጋ ልጅ መሮጡ እንደ ብርቅ አይቆጠርም፤ ከብት ሲመልስ ይሮጣል፥ ሲላክ ይሮጣል። ኒስካነን ግን ሁላችን ያየነውን ሩጫ በሌላ ዓይን ተመለከተው፤ በሰዓትና በልክ አሠለጠነው።

ከሮማው ውድድር በፊት ሁለቱ መንገዱን አስቀድመው አጠኑት። ከመድረሻው አቅራቢያ ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደው ያቆሙት ሐውልት ነበር። አበበ ከዚያ ሲደርስ ያለ የሌለ ኃይሉን እንዲያወጣ ተመካከሩ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ ከሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ተለየና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ አርባ ቀን ሳይሞላው፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን በሸኖ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ከዱት። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ብርታቱ አልተለየውም። እንግዲህ መልካም ሥልጠና ከእግር ይልቅ በልብ እንደሚቀር ከዚህ ተማሩ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። መንዝ ውስጥ ሳስተምር ዘወትር የሚያረፍድ ተማሪ ነበረኝ፤ ከደጅ አንበርክኬ እቀጣው ነበር። ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ መሆኑን፥ ያንንም በየቀኑ በሩጫ ይመጣ እንደ ነበር የሰማሁት ትምህርቱን ትቶ ከሄደ በኋላ ነው። ኒስካነን በእጁ ሰዓት ነበረ፤ በእኔም እጅ ሰዓት ነበረ። እሱ በሰዓቱ ልጁን አየበት፤ እኔ ሰዓቱን ብቻ አየሁ።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ አስተማሪ ወይም አለቃ ወይም ወላጅ ስትሆን፥ ከመቅጣትህ በፊት ጠይቅ። «ለምን አረፈድህ?» ብቻ አትበል፤ «ከየት መጣህ?» ብለህም ጠይቅ።