የኤሌክትሪክ ምጣድ እና የኃይል ቁጠባ

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ከሸክላው ሥር በተዘረጋ ሽቦ የሚግል የቤት ዕቃ ነው። አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ ጎረቤታሞች በተመሳሳይ ሰዓት ሲጋግሩ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያጨናንቃል። ከኃይሉ ደግሞ ከፊሉ ለእንጀራው አይደርስም፤ ወፍራሙን ሸክላ በማጋል ይባክናል፣ ከሥርና ከጎንም ያመልጣል። ስለዚህ ሸክላውን ማሳሳትና ሥሩን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ከሁሉ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።

ከውኃ የሚመነጨው የኢትዮጵያ ኃይል ርካሽ ስለሆነ ቁጠባ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ ግድብ መገንባት ግን የሰፈርን መስመር አያሰፋም። የተቆጠበው በሌላ ዕቃ ይበላል የሚለው ክርክር በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም ያ ኃይል በማገዶ ጭስ የምትቸገር እናትን ወደ ኤሌክትሪክ ካመጣ ብክነት ሊባል አይገባውም። የሚከብደው የዋጋው ጥያቄ ነው፤ የተሻሻለ ምጣድ ሲገዛ ውድ ከሆነ፣ ለምጣድ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ከማውጣት ጋር በየወሩ የሚከፈል ብድርም ያስፈልጋል።