ካፊሪን እና ወተት በጉንጬ

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የምትገኘው ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። ማዕከሉ ዝናብ ለሚያጥረው የምሥራቅ አማራ ቆላና ወይናደጋ ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች ውስጥ «የጁ» እና «ግራና-1» ይገኙበታል። ስማቸው የአገር ስም ነው። የጁም ግራናም እዚያው አካባቢ ናቸው።

የእነዚሁ ዝርያዎች ፍሬ ቤተ ሙከራ ገብቶ ፕሮቲኑ ሲለካ ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ስም «ካፊሪን» ነው። ይህ ስም ከየጁ አልተነሣም። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ፣ አሜሪካን አቋርጦ የመጣ ነው።

የእህል ፕሮቲኖች ስም ታሪክ የሚጀምረው ከስንዴ ሊጥ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ያኮፖ ባርቶሎሜኦ ቤካሪ በ18ኛው መቶ ዘመን ቦሎኛ ላይ ሊጥን በውኃ እያጠበ ስታርቹን ሲያስወጣ የሚያጣብቅ ነገር እጁ ላይ ቀረ። ያ ነገር በላቲን «ሙጫ» ከሚለው ቃል ግሉተን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1821 የቦስተኑ ጆን ጎራም ከበቆሎ ያወጣውን ንጥረ ነገር፣ ከበቆሎ ሳይንሳዊ ስም «ዜያ» ወስዶ ዜይን አለው። የገብሱ ደግሞ ከላቲኑ «ሆርዴየም» ሆርዴይን ሆነ። ለሁሉም የወል ስም የተገኘው በ1838 ነው፤ ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ «ቀዳሚ» ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል «ፕሮቲን» እንዲባል ሐሳብ አቀረበ፣ ሆላንዳዊው ሙልደር አሳተመው።

ስሙ እየበዛ ሲሄድ ሥርዓት ያስያዘው አሜሪካዊው ቶማስ ኦስቦርን ነበር። በኮነቲከት የግብርና ሙከራ ጣቢያ ሲሠራ ፕሮቲኖችን በምን እንደሚሟሙ ከፋፈላቸው፦ በውኃ የሚሟሟው አልቡሚን፣ በጨው ውኃ የሚሟሟው ግሎቡሊን፣ በአልኮል የሚሟሟው ፕሮላሚን፣ በቀጭን አሲድ ወይም አልካሊ የሚሟሟው ግሉቴሊን። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራበታል። ኦስቦርን ከላፋዬት ሜንደል ጋር በ1914 ያሳተመው የአይጥ ሙከራ ደግሞ የፕሮላሚንን ጉድለት አወጣው። ፕሮቲናቸው ዜይን ብቻ የሆነ አይጦች ማደግ አቆሙ፤ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ሲጨመሩላቸው እድገታቸው ቀጠለ።

የማሽላ ተራ የደረሰው በ1916 ነው። ጆንስ እና ብሩስተር የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች በአልኮል የሚሟሟውን የማሽላ ፕሮቲን ለይተው «ካፊሪን» አሉት። የመረመሩት በአሜሪካ ሜዳዎች በስፋት የሚዘራውን፣ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ የተወሰደውንና «ካፊር» የሚባለውን ማሽላ ነበር። ቃሉ ወሎዬ ሁሉ የሚያውቀው የዐረብኛው «ካፊር» ነው፤ የማያምን ማለት። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ለደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ መጠሪያ አደረጉት፤ ዛሬ እዚያ አገር በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ስድብ ነው። ከሰው ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ ፕሮቲኑ ተሻገረና ሳይንሱ ውስጥ ቀረ።

ለኢትዮጵያ ነገሩ ይበልጥ ሩቅ ነው። ሃርላን እና ደ ቬት በ1972 ማሽላን በአምስት ዋና ዋና ወገኖች ሲመድቡ አንዱን ካፊር ብለውታል። ማሽላ ጥንት ከተላመደበት ቀጠና የምትቆጠረው ኢትዮጵያ ውስጥ አራቱ ወገኖች ሲገኙ፣ የሌለው ያ አምስተኛው ነው። የወሎ ማሽላ እንግዲህ ፕሮቲኑ የሚጠራው በአገሩ በማይበቅል ዘመዱ ነው።

ካፊሪን ከማሽላ ፕሮቲን ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ላይሲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ማሽላው በውኃ ሲበስል ካፊሪኑ እርስ በርሱ ስለሚተሳሰር ለመፈጨት ያስቸግራል። በተራ ማሽላ 100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ላይሲን 2 ግራም ገደማ ብቻ የሆነው ካፊሪን በላይሲን ድኻ በመሆኑ ነው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራመሽዋር ሲንግ እና ጆን አክስቴል መድኃኒቱን ከዓለም የማሽላ ክምችት ውስጥ መፈለግ ጀመሩ። በሺህ ከሚቆጠሩት ናሙናዎች መካከል በ1973 ለይተው ያሳወቋቸው ሁለቱ፣ ላይሲናቸው ከ3 ግራም ያለፈ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ቁጥራቸው አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ነው።

አክስቴል በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጣ። ማሽላ በማሰባሰቡ ሥራ ያገዘው ከዓለማያ ኮሌጅ የወጣው ወጣቱ ገቢሳ ኤጀታ ነበር፤ በኋላ ፐርዱ ሄዶ የአክስቴል ተማሪ ሆነ፣ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። የከፍተኛ ላይሲን ማሽላው ማሳ የተገኘው ወሎ ውስጥ ነው። ቁጥር ብቻ የነበረው እህል ገበሬው ዘንድ ስም ነበረው፦ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማርጩቄ»። ወተቱም ማሩም ላይሲን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጡ፣ በአፍ የተለኩ ስሞች ናቸው። ዘመኑ ደግሞ ወሎ በረሃብ የተመታበት ነበር። የወሎን እህል ጥራት ያበሠረው የምርምር ጽሑፍና የወሎ ሰው እልቂት በአንድ ዓመት ተገናኙ።

ገበሬው ለብቻው በሰፊው አይዘራውም ነበር፤ ምርቱ አነስተኛ እንደሆነ ያውቃል። ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ ይዘራና እሸቱን ጠብሶ፣ ከተራው ጋር አብሮ ይበላዋል።

ዝርያ አሻሻዮቹ የፈለጉት ግን እህሉ እንደማንኛውም ማሽላ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ እንዲገባ ነው። እዚያ ላይ ተቸገሩ። ካፊሪን ሲያንስ የፍሬው ውስጥ ዱቄታማ ይሆናል፣ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ለነቀዝም ይመቻል። በኬሚካል የተገኘ ሌላ ልውጥ ዝርያም ተሞከረ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ ተቋማት የተሳተፉበት አንድ ፕሮጀክት በዘረመል ምሕንድስና የካፊሪንን መመረት ለማፈን ሠርቷል። ሁሉም የገጠማቸው የፍሬው መላላት ነው። በእሸትነቱ ተጠብሶ የሚያልቀው ወተት በጉንጬ ግን ነቀዝ እስኪያገኘው ድረስ ጎተራ ውስጥ አይከርምም።