የድሮ ልብስ ቅድ ከየት ይማሩታል?

በ16ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ምን ይለብሱ እንደነበር ለማወቅ ሥዕላቸውን ማየት ይበቃል የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። ሥዕል ቀለሙን፣ የጥልፉን ብዛትና የአንገቱን ቁመት በእርግጥ ያሳያል። ልብሱ ከስንት ቁራጭ እንደተገጣጠመ፣ በገበሩና በላዩ ጨርቅ መካከል ምን እንደገባ፣ ጀርባው ላይ ስፌቱ የት እንደወረደ ግን አይናገርም። ሠዓሊው ይህን አላየም፤ ቢያይም ባለገንዘቡ ያንን እንዲሥልለት አልከፈለውም። የድሮ ልብስ አሠራር የሚያስተምሩ የዛሬ ኮርሶችና ወርክሾፖች ብዙ ጊዜ የቴአትር ሰዎች ጉዳይ ወይም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርገው ይታያሉ። እኔ ከዚያ በላይ ናቸው እላለሁ፤ በጽሑፍ ያልተረፈ ታሪክ የሚገኘው እዚያ፣ መርፌና መቀስ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለምን በጽሑፍ አልተረፈም? ሙያው መጻፍ ስላላስፈለገው ነው። እንግሊዝ በ1563 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው ሕግ አንድ ወጣት ሙያ ይዞ ለብቻው ከመሥራቱ በፊት ሰባት ዓመት በባለሙያ እጅ ሥር እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ዓይንና እጅ የለመዱትን ማን ወረቀት ላይ ያሰፍራል? ሁዋን ደ አልሴጋ በ1580 ማድሪድ ውስጥ ያሳተመው የልብስ ቅድ መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ገጾቹ ቁራጮቹ ጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚደረደሩና ስንት ጨርቅ እንደሚበቃ ያሳያሉ። ስለ ስፌቱ ግን ምንም አይሉም፤ መጽሐፉን የሚገዛው ልብስ ሰፊ ያንን አስቀድሞ ያውቀዋልና። በእንግሊዝ የሰባት ዓመቱ ግዴታ በ1814 ተሰረዘ፤ በ1851 ሲንጀር የስፌት መኪናውን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ከዚያም ተሰፍቶ የሚሸጠው ልብስ ገበያውን ሞላው። አልሴጋ ሳይጽፍ ያለፈውን የሚነግር ባለሙያ በዚህ መሃል ጠፋ።

የተበጠሰውን መልሰው መቀጠል የጀመሩት ከታሪክ ምሁራን ይልቅ የስፌት መምህራን ነበሩ። ለንደን ውስጥ የቴአትር ልብስ ታስተምር የነበረችው ኖራ ዎ በ1954 ስለ ኮርሴትና ክሪኖሊን (ስለ ወገብ ማጥበቂያና ቀሚስ መንፊያ) ያሳተመችው መጽሐፍ ከድሮ ልብሶች የተወሰደ ቅድ ይዟል። ከእሷ በኋላ የመጣችው ጃኔት አርኖልድ ደግሞ በየሙዚየሙ እየዞረች ልብሶችን ትለካ፣ ቅዳቸውን በአንድ ስምንተኛ ልክ ትሥል፣ የመርፌውን ምልክት ሳይቀር ትመዘግብ ነበር። በ1985 በወጣው የሥራዋ ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ በስዊድን ኡፕሳላ ካቴድራል የተጠበቁት የስቱሬ ቤተሰብ ልብሶች ይገኛሉ። ስቫንቴ ስቱሬና ሁለት ወንዶች ልጆቹ በ1567 በንጉሥ ኤሪክ 14ኛ ዘመን ሲገደሉ የለበሷቸው ናቸው፤ ሚስቱ ማርታ በሣጥን ባታስቀምጣቸው ኖሮ አይተርፉም ነበር። የዚያ ዘመን ልብስ ስፌት እውቀት በአንዲት ሐዘንተኛ ሣጥን ላይ መንጠልጠሉን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አርኖልድ በ1998 ካረፈች በኋላ ሥራዋን የቀጠሉት ጄኒ ቲራማኒና ባልደረቦቿ ናቸው። ቲራማኒ በ1997 በተከፈተው የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር ለተዋንያን በድሮው ዘዴ፣ በእጅ የተሰፋ ልብስ ታሠራ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ተውኔት ልብሶቿም በ2014 የቶኒ የቴአትር ሽልማት አስገኝተውላታል። ለንደን የሚገኘው የታሪካዊ አልባሳት ትምህርት ቤት አጫጭር ኮርሶች የሚሰጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ የተረፈውን ልብስ ይመለከታል፣ ይለካል፣ ከዚያ በሌላ ጨርቅ ላይ ራሱ ይቀድዳል።

መስፋቱ ምን የሚጨምረው ነገር አለ? አንዱን ብቻ ላንሳ። የ16ኛው መቶ ዘመን ልብሶች ውስጥ፣ ብብት ሥር ወይም ጫፍ ላይ፣ ትንንሽ ቁራጭ ጨርቆች ተቀጥለው ይገኛሉ። ተማሪ መጀመሪያ ሲያይ የሰፊው ስህተት ወይም የኋላ ጥገና ይመስለዋል። ወርዱ ከግማሽ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ሐር ላይ ራሱ ቅዱን ሲዘረጋ ግን ቁራጩ ሳይቀጠል አይበቃውም። ያኔ ጨርቁ ውድ፣ የሰው ጉልበት ርካሽ እንደነበር በእጁ ያውቃል። የሒሳብ መዝገብም ይህንኑ ሊነግረን ይችላል፤ ቁጠባው በልብሱ ቅርጽ ላይ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረንም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የዛሬው ሐር የያኔው አይደለም፤ የዛሬው ገላም እንዲሁ፤ እንደገና የተሰፋ ልብስ የሰፊውን ግምት እንጂ ታሪክን አያሳይም ይባላል። ማቴዎስ ሽቫርትዝ የተባለው የፉገር የንግድ ቤት ሒሳብ ሹም በ1530 አውግስቡርግ ለተደረገው የንጉሠ ነገሥቱ ጉባኤ ያሰፋው ቀይና ቢጫ ልብስ በሥዕል ብቻ ቀርቶ በእኛ ዘመን ተሰፍቷል፤ ሥዕሉ ያላሳየውን ሰፊዋ ራሷ መወሰን ነበረባት። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መስፋት አንድ ነገር ሊሆን ይችል እንደነበር ያሳያል እንጂ እንደነበረ አያረጋግጥም። ሊሆን የማይችለውን ግን ይጥላል፤ ቅዱ ከተሳሳተ ልብሱ ገላ ላይ አይቀመጥም። ከሳምንት ኮርስ የሰባት ዓመት ሙያ አይወጣም የሚሉም አሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው። የኮርሱ ዓላማ ግን ፈጣን ልብስ ሰፊ ማውጣት ሳይሆን አሮጌ ልብስ የሚያነብ ዓይን ማስለመድ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፤ ሣጥን ውስጥ የሚቀረው የጌቶች ልብስ ስለሆነ የገበሬው ቅድ ከዚህ ትምህርት ውጭ ይቀራል። ለዚህ በቂ መልስ የለኝም፤ ድሃ ልብሱን እስኪያልቅ ይለብሰዋል።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደሆነ የሚነገርለት በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ፤ ዛሬ ያለው ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። የመመለሱ ጥያቄ የራሱ ክርክር አለውና እዚህ አልገባበትም። እስኪመለስ ድረስ ግን አንድ የአዲስ አበባ የስፌት መምህር ልኩን ወስዶ ቅዱን ቢሥል ምን ይከለክላል? የእኛ ሸማኔና ጠላፊ ሙያ እንደ አውሮፓው አልተበጠሰም፤ ስለዚህ አያስፈልገንም የሚል ይኖራል። የሽመናው እውነት ነው። የመኳንንቱ ለምድና ባለጥልፍ ካባ ቅድ ግን ሽመና አይደለም፤ አዘውትሮ የሚያሰፋቸው መኳንንትም የለም። የባለሙያው እጅ ሳይጠፋ መመዝገብ ከጠፋ በኋላ ከመፈለግ እጅግ ይቀላል። የልብስ ቅድና ስፌት የሚያስተምሩ ተቋሞቻችን ይህን ሥራ በትምህርታቸው ውስጥ ያስገቡት። በቤታችሁ የአያት ካባ ወይም ለምድ ያላችሁም ለጥገና ከማስፈታታችሁ በፊት ውስጡን ገልብጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ልክ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የማን እንደነበረና መቼ እንደተሰፋም አብራችሁ አስፍሩ።