የአሳዳጊ ዋጋ

የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ ዳር ባገኘችው ጊዜ፥ እናቱ መሆኗን ሳታውቅ ለወለደችው ሴት ታጠባው ዘንድ ሰጠቻት፤ ዋጋዋንም ልትከፍላት ቃል ገባች። ከዚህም ልጅን ለማሳደግ ፍቅር እንዲያስፈልግ፥ ፍቅር ላለውም አሳዳጊ ቀለብ እንዲያስፈልገው ይታወቃል።

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ለዚህ ነገር ጉዲፈቻ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። አሳዳጊው በሽማግሎች ፊት ልጁን ይቀበላል፤ ልጁም በአሳዳጊው ስም ይጠራል፤ በውርስም እንደ አብራክ ክፋይ ይቈጠራል። አማርኛም ቃሉን ከኦሮምኛ ተቀብሎ የሕግ ቃል አድርጎታል፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ነገሩን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ነገር ግን የጦርነት ዘመን ሲመጣ የአንድ ቤት መሶብ ለብዙ ወላጅ አልባ አይበቃም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ለማሳደግ፥ የደርግ መንግሥት በዚሁ ሸለቆ ከቡልቡላ በስተ ምዕራብ በአላጌ የሕፃናት አምባን አቋቋመ። በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በአንድነት በሉ፤ ለበሱ፤ ተማሩ። ድኻ ቤት ሊሰጥ የማይችለውን ትምህርት መስጠቱ አይካድም። ዳሩ ግን ምግቡም መምህሩም ከአንድ እጅ ይመጣ ነበርና፥ ያ እጅ በ1983 ዓ.ም. ሲታጠፍ አምባው ጸንቶ ሊቆም አልቻለም፤ ስፍራውም በኋላ የእርሻ ኮሌጅ ሆነ።

እንዲህ ያለው ዕጣ የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ልጅ በራሱ፥ በልቡና በእጁ ሊማር ይገባዋል ያለው የስዊስ መምህር ፔስታሎዚ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1799 በሽታንስ ከተማ የከፈተው የወላጅ አልባዎች ቤት ለጦር ሠራዊት ሆስፒታል ስለ ተፈለገ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ።

በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለ ተከለከለ፥ የማሳደጉ ዕዳ ወደ አገሬው ቤት ተመልሷል። የጉዲፈቻም ቤት ያለ ወጪ አይቆምም፤ የተቸገረ አሳዳጊ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ እረኛ ወይም ሎሌ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሰበካው፥ ዕድሩና ከተማው በየድርሻቸው የአሳዳጊውን መሶብ ቢደግፉ፥ አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዘዋል፤ ልጁም ቤት አያጣም።

አዳማ ለብዙ ዘመን የተጠራችበት የናዝሬት ስም፥ አረጋዊው ዮሴፍ ያልወለደውን ሕፃን በእጁ ሥራ እየመገበ የጠበቀባት ከተማ ስም ነው። ያም ቤት የጠራቢ ቤት እንጂ የባለጠጋ ቤት አልነበረም።